ሰንሰለቱን ፈቱለት፤ እራትም አቀረቡለት

በ1790 የመጋቢት ወር ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐና ሚልስ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክ ከተማ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ቤት ገባች። ሐና የሊድስ ከተማ ሰው ስትሆን ከባድ ትካዜ ይዟት ነበር። ቤተሰቦቿ ሩቅ ስለነበሩ፣ በዮርክ የሚኖሩ የእምነት ወገኖቿ ሄደው እንዲጠይቁላቸው መልእክት ላኩ። ወገኖቹም ሄዱ። ነገር ግን በሽተኛዋ ሰው ሊያያት በሚችልበት ሁኔታ ላይ አይደለችም ተብለው ከበር ተመለሱ። ሐና በገባች በስድስት ሳምንቷ ገደማ ሞተች። በዚያ ግድግዳ ውስጥ ምን እንደደረሰባት ያየ ወገን አልነበረም።

ዛሬ ስለ አእምሮ ጤንነት ሲነገር፣ በደንብ ተኛ፣ በእግርህ ሂድ፣ ጥሩ ብላ፣ ከሰው ጋር ዋል የሚለውን ምክር ሁላችንም እንሰማለን። ምክሩ የዘመኑ ግኝት ይመስለናል። ይሁን እንጂ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ የክርስቲያኖች ማኅበር እነዚህኑ ልማዶች የሕክምና መንገድ አድርጎ ቤት ሠርቶባቸዋል። የቤቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ከተዘጋው በር ነው።

ዘመኑ ምን ይመስል ነበር?

በዚያን ጊዜ በአውሮፓ አእምሮው የታመመ ሰው እንደ አውሬ ይቆጠር ነበር። ብርድና ረኀብ አይሰማውም ብለው የሚያስቡ ስለነበሩ ብዙዎች በገለባ ላይ፣ በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር። ለንደን ውስጥ በነበረው በታዋቂው የቤተልሔም ሆስፒታል፣ እስከ 1770 ድረስ ሕዝብ ሕሙማኑን እንደ ትርኢት ሊመለከት ይገባ ነበር። የሐኪሞቹ መሣሪያም ደም ማፍሰስ፣ ማስመለስ፣ ማስቀመጥና ቆዳን ማቁሰል ነበር። ይህ በድሆች ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በ1788 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አእምሯቸው ሲታወክ፣ እርሳቸውም እጅን ከሰውነት ጋር አጥብቆ በሚያስር ልብስ ታስረዋል፤ ቆዳቸውም እንዲቆስል ተደርጓል።

ነጋዴው ዊልያም ቱክ

ሐና የኩዌከሮች ማኅበር አባል ነበረች። ኩዌከሮች በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ የተነሡ፣ ራሳቸውን “ወዳጆች” ብለው የሚጠሩ ክርስቲያኖች ናቸው። በጸጥታ ያመልካሉ፤ ጦርነትን ይቃወማሉ፤ በሰው ሁሉ ውስጥ የእግዚአብሔር ብርሃን አለ ብለው ያምናሉ። በዮርክ ከነበሩት ኩዌከሮች አንዱ ዊልያም ቱክ ነበር። ሻይና ቡና ነጋዴ እንጂ ሐኪም አልነበረም። የሐና ሞት ግን እረፍት ነሣው። የእምነት ወገኖቹ ሲታመሙ ወዳጆቻቸው የሚጠይቋቸው፣ በክብር የሚያዙበት ቤት ለምን አይኖረንም ብሎ ጠየቀ።

በ1792 ሐሳቡን ለማኅበሩ ጉባኤ አቀረበ። ስድሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። የተቃወሙት ነበሩ። ከእኛ መካከል አእምሮው የታመመ ስንት ሰው አለና ነው ይህ ሁሉ ወጪ ያሉ አልጠፉም። ይህ አነጋገር ለእኛም ቤት እንግዳ አይደለም። ቱክ ግን አልተወም፤ ገንዘብ አሰባሰበ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ዐሥራ አንድ ኤከር፣ ማለትም አራት ሄክታር ተኩል ያህል መሬት ተገዛ። በ1796 ሠላሳ ያህል ሕሙማንን የሚይዝ ቤት ተከፈተ። ስሙንም “ሪትሪት” አሉት፤ ገለል ብሎ ማረፊያ እንደ ማለት ነው።

ቤቱ ሲሠራ ጥቃቅን ነገሮች እንኳ ታስቦባቸዋል። መስኮቶቹ ብረት ነበሩ፤ ነገር ግን እስር ቤት እንዳይመስሉ እንደ እንጨት መስኮት ተሠሩ። የበሩ መቀርቀሪያ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ሕመምተኛውን እንዳያስደነግጥ በቆዳ ተሸፈነ። በዙሪያው የአትክልት ቦታ ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ይታያል።

በዚያ ቤት ቀኑ እንዴት ይውል ነበር?

የመጀመሪያው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ፋውለር የዘመኑን መድኃኒቶች በቅንነት ሞከራቸው። ብዙዎቹ እንደማይረዱ ሲያይ ይህንኑ ለመናገር አላፈረም። ለከባድ ትካዜ የጠቀመው ሙቅ መታጠቢያ ነበር። በ1797 ቤቱን ማስተዳደር የጀመረው ጆርጅ ጄፕሰን ደግሞ አንድ ነገር አስተዋለ። በዚያ ዘመን ዕብደት የያዘው ሰው ምግብ ይቀነስበት ነበር። ጄፕሰን ግን ሌሊቱን ሲጮኹና ሲንቆራጠጡ ለሚያድሩት ሥጋ፣ ዳቦ፣ አይብና የአገሩ ልማድ የሆነውን ጥቁር ቢራ ያለበት ጥሩ እራት አቀረበላቸው። እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቢራውን እንተወውና ዋናውን ነገር እንያዝ፦ የተራበና ያልተኛ አእምሮ እንደማይረጋጋ ጄፕሰን በዓይኑ አየ።

ቀን ቀን ሕሙማኑ እንደየአቅማቸው ይሠሩ ነበር። ወንዶቹ አትክልት ይኮተኩታሉ፤ ሴቶቹ ይሰፋሉ፣ በቤት ሥራ ያግዛሉ። በሜዳው በእግራቸው ይንሸራሸራሉ። በግቢዎቹ ውስጥ ጥንቸሎች፣ ዶሮዎች፣ የባሕር ወፎችና ጭልፊቶች ነበሩ። እንስሳቱን መመገብና መንከባከብ ሐሳቡ ወደ ውስጥ ብቻ የዞረን ሰው ወደ ውጭ እንዲመለከት ያደርገዋል ብለው ያምኑ ነበር። የሴቶቹ ኃላፊም በየጊዜው ሕሙማኑን ሻይ ትጋብዝ ነበር። የተጋበዙት ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው እንደ እንግዳ በወግ ይቀመጣሉ፤ ማንም ሳያስገድዳቸው ራሳቸውን ይገዛሉ።

የቱክ የልጅ ልጅ ሳሙኤል ቱክ በ1813 ስለ ቤቱ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ ካሉት ታሪኮች አንዱ ስለ አንድ ግዙፍ፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አራት ስለሚሆን ሰው ነው። ከዚያ በፊት ሰንሰለት ፈጽሞ ስለማይፈታለት ልብሱ እንኳ ካቴናው ሳይወልቅ እንዲወጣና እንዲገባ ሆኖ በክር ተሠርቶለት ነበር። ወደ ሪትሪት ሲደርስ ሰንሰለቱን ፈቱለት። ከዚያም ኃላፊዎቹ እራት ወደሚበሉበት ክፍል አስገቡትና አብሯቸው እንዲበላ ጋበዙት። በጨዋነት በላ። ከእራት በኋላም ራሱን እስከገዛ ድረስ ማንም እንደማያስረው ነገሩት። አንዳንዴ ቁጣው ይነሣበት ነበር፤ ኃላፊው ግን አጠገቡ ተቀምጦ በዝግታ ያነጋግረዋል። ከአራት ወር ገደማ በኋላ ድኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያው ዘመን በፓሪስ ፒኔልና ፑሳን የተባሉ ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ የሕሙማንን ሰንሰለት ይፈቱ ነበር። ሐና የሞተችበት የዮርክ መጠበቂያ ቤትም ከ1813 ጀምሮ ተመረመረ፤ በውስጡ የተደበቁ ቆሻሻ ክፍሎች ተገኙ። በ1815 ጉዳዩ እስከ እንግሊዝ ፓርላማ ደረሰ። በ1817 ደግሞ በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ አጠገብ የኩዌከሮች ቤት በሪትሪት አምሳል ተከፈተ። ቱክ በ1822፣ በዘጠና ዓመቱ ሞተ።

ታሪኩን በሙሉ እንናገር

የምናደንቃቸውን ሰዎች ስንጽፍ ጉድለታቸውን መደበቅ ልማዳችን ነው። በሪትሪት ማሰር ፈጽሞ አልቀረም፤ ለአንዳንዶች በጥቂቱም ቢሆን ይሠሩበት ነበር። ሁሉም ሕመምተኛ አልዳነም። ሐሳቡ ሲስፋፋም በኋላ የተሠሩት ቤቶች ከሺህ በላይ ሰው ታጎረባቸው፤ አብሮ እራት የሚበላ ኃላፊ ሊኖር አልቻለም፣ ቤቶቹም ተመልሰው መጠበቂያ ብቻ ሆኑ። በ1961 ደግሞ ሚሼል ፉኮ የተባለው ፈረንሳዊ አሳቢ፣ ሪትሪት የብረቱን ሰንሰለት ፈትቶ በምትኩ የማይታይ የጥፋተኝነት ሰንሰለት አስሯል ብሎ ጻፈ። ፍርዱ የበዛ ይመስለኛል። ሆኖም እኛ አማኞች ልንሰማው ይገባል፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

የዛሬው ሳይንስስ?

ጄፕሰን በማስተዋል ያገኘውን ዛሬ ተመራማሪዎች እየለኩት ነው። በ2011 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 120 አረጋውያን ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሂፖካምፐስ የተባለው ለማስታወስ የሚያገለግል የአእምሮ ክፍላቸው በ2 በመቶ ገደማ አደገ፤ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ያደረጉት ግን ቀነሰባቸው። በ2017 በአውስትራሊያ በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ድባቴ ያለባቸው 67 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታትለዋል። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬና ዓሣ የበዛበት አመጋገብ ከተመከሩት መካከል ሲሶ ያህሉ ከድባቴያቸው ሲወጡ፣ ከሰው ጋር መጫወት ብቻ ከተመደበላቸው የወጡት 8 በመቶ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ልንጭንበት አይገባም፤ ነገር ግን ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ እዚሁ ቤታችን ነውና ለመጀመር ሩቅ አንሄድም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ልማዶች ሐኪምን አይተኩም። የዛሬ መድኃኒት የፋውለር ዘመን መድኃኒት አይደለም። ብዙ ሰው ድኖበታል። ቱክም ቢሆን ቤቱን ያለ ሐኪም አልከፈተም። ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ወንድም መድኃኒቱን ጥሎ በእግር ጉዞ ብቻ ይዳን የሚል ሰው ታሪኩን አልተረዳውም።

ስለ ራሴም ልንገራችሁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ከሕብረት መቅረት ጀመረ። አግኝቼ ሳነጋግረው ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለው፣ ምግብ እንዳስጠላው፣ ከክፍሉ መውጣት እንዳቃተው ነገረኝ። እኔም በጥሩ ልብ የጾም ፕሮግራም አወጣሁለት፤ ለአርብ አዳር ጸሎትም እንዲመጣ አደረግሁ። ያልተኛውን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ አስቆምሁት፤ ያልበላውን አስጾምሁት። አልተሻለውም። ይባስ ብሎ እምነቴ ትንሽ ስለሆነ ነው ብሎ ራሱን መክሰስ ጀመረ። ፉኮ የማይታይ ሰንሰለት ያለውን እኔ በገዛ እጄ አስሬበት ነበር። በኋላ ታላቅ እህቱ ወደ ሐኪም ወሰደችው፤ ቤት ውስጥም አብራው ትበላለች፣ ማታ ማታ ይዛው ትሄድ ነበር። ቀስ በቀስ ተመለሰልን። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ጸሎት አይጠቅምም እያልሁ አይደለም፤ ዛሬም አብረን እንጸልያለን። ነገር ግን 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን እንደገና አንብቡት። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ከዛፍ ሥር ሲተኛ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ተግሣጽ አልላከበትም። አስተኛው። በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ በመልአክ እጅ ሰጠው። እንደገና አስተኛው፣ እንደገና አበላው። ከዚያ ረጅም መንገድ በእግሩ ሄደ። ድምፁን የሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመጨረሻም ብቻህን አትሁን ብሎ ኤልሳዕን ሰጠው።

እንግዲህ በየሕብረታችሁ ይህን ተነጋገሩበት። ስልካችንን ከመኝታ ክፍል አውጥተን መተኛት እንችላለን ወይ? በሳምንት አንድ ቀን ከፕሮግራም በኋላ ታክሲ ትተን አብረን በእግር ብንሄድስ? ደግሞም ከእናንተ መካከል መምጣት ያቆመ ሰው ካለ በዚህ ሳምንት ቤቱ ሂዱ። ስብከት ይዛችሁ አትሂዱ፤ እራት ይዛችሁ ሂዱ። ራሱን ስለ መግደል የሚናገር ከሆነ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ለቤተሰቡና ለመሪ ንገሩ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሐናን ሊጠይቁ የሄዱት ወገኖች በሩ ተዘግቶባቸው ተመልሰዋል። ከእኛ ሕብረት የቀሩት ግን አብዛኞቹ በራቸው አልተዘጋም። ያንኳኳ ሰው ስለሌለ ነው።