ድምፅ የሲኒማን ፍርሃት እንዴት እንደ ለወጠው
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ሲኒማ ቤት ተቀምጣችሁ ልባችሁ በኀይል ሲመታ፥ ያስፈራችሁ ምን እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ብዙ ሰው፥ ያየሁት ነገር ነው ብሎ ይመልሳል። የሲኒማ ታሪክ የሚያስረዳን ግን፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈራን ከዐይናችን ተሰውሮ በጆሮአችን ብቻ የደረሰን ነገር መሆኑን ነው።

ተናጋሪው ፊልም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1927 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋ ጊዜ፥ ብዙዎቹ አዘጋጆች አዲሱን መሣሪያ ለንግግርና ለዘፈን ብቻ አዋሉት። ሌላ ጥቅም ካገኙለት ጥቂቶች አንዱ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሂችኮክ ነበር። በ1929 ባወጣው «ብላክሜል» በተባለው ፊልም፥ አንዲት ልጃገረድ ሊደፍራት የተነሣውን ሰው በዳቦ ቢላዋ ትገድላለች። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሳለች አንዲት ወሬኛ ሴት ስለ ግድያው ታወራለች። ካሜራው የልጅቱን ፊት ሳይለቅ፥ ወሬው እየደበዘዘ ሄዶ «ቢላዋ» የሚለው ቃል ብቻ ጐልቶ ይሰማል። በዚህም ተመልካቹ በበደለኛዪቱ ጆሮ እንዲሰማ ተደረገ።

በ1931 ደግሞ ፍሪትዝ ላንግ በጀርመን አገር «ኤም» የተባለውን ፊልም ሠራ። ታሪኩ ሕፃናትን ስለሚገድል ሰው ነው፤ ነገር ግን ግድያው አይታይም። አንዲት እናት ልጅዋን ስትጣራ ድምፅዋ ይሰማል፤ ካሜራው ግን ባዶውን ደረጃ፥ ምግብ ያልቀረበበትን ሳሕን፥ ሣር ላይ የምትንከባለለውን ኳስና በሽቦ የተያዘውን ፊኛ ያሳየናል። የቀረውን የሚሞላው የእኛው ልብ ነው። ነፍሰ ገዳዩን የሚያጋልጠውም ፉጨቱ ነው፤ ዐይን ያላቸው ሁሉ ያላወቁትን ሰው አንድ ዕውር ፊኛ ሻጭ በጆሮው ለየው።

ሂችኮክም በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያዘጋጅ ይህንኑ ጥበብ አራቀቀው። የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፥ ለማንሣት ሰባት ቀን ያህል ፈጅቷል። ሂችኮክ በመጀመሪያ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን አስቦ ነበር፤ የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን በቫዮሊን የተዘጋጀውን ጩኸት ባሰማው ጊዜ ግን ሐሳቡን ለወጠ። በትዕይንቱ ስለት ሥጋ ሲቈርጥ በግልጽ አይታይም፤ ተመልካቹ ግን አየሁ ብሎ ሊምል ይችላል።

አንባቢ ሆይ፤ በ«ኤም» ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ከተማው በፍርሃት በተያዘ ጊዜ፥ አንዲት ልጅ ሰዓት ብትጠይቀው መልስ የሰጠ አንድ ምስኪን ሽማግሌ፥ ገዳዩ እርሱ ነው ተብሎ በሕዝብ ተከበበ። ያ ሕዝብ የሠራውና እኛ በጨለማው አዳራሽ የምንሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ጥቂት ሰምተን፥ ያላየነውን በሐሳባችን እንፈጥራለን። በሲኒማ ቤት ውስጥ ይህ ጨዋታ ነው፤ መብራቱም ሲበራ ያበቃል። በአደባባይና በሥራ ቦታ ግን በወሬ ብቻ የሚፈርድ ሰው የንጹሕ ሰው በደል ይሆንበታል። ስለዚህ የፍርሃትን አሠራር ማወቅ ፊልሙን አጥርቶ ለማየት ብቻ ሳይሆን፥ ፍርድን ለመጠበቅም ይረዳል።