ከአገሩ ወጥቶ የተዋጋው አየር ኃይል

እኛ መምህራን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ያስተማርነው ስሕተት ጥቂት አይደለም። ከዚያ ውስጥ አንዱን ዛሬ እናርማለን። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስናስተምር፣ የፖላንድ አየር ኃይል በመጀመሪያው ቀን ማለዳ መሬት ላይ እንዳለ ተቃጠለ ብለን አንዲት ዐረፍተ ነገር እናጽፍና ወደ ፈረንሳይ እናልፍ ነበር። መጽሐፉም እንዲሁ ይላልና ተማሪው አልጠየቀንም፤ እኛም አልጠየቅንም። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ጀርመን ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ፖላንድን ስትወር ተዋጊ አውሮፕላኖቹ በታወቁት ጣቢያዎቻቸው አልነበሩም። በኦገስት መጨረሻ ቀናት ተነሥተው በየመስኩ በተዘጋጁ ማረፊያዎች ተበታትነው ነበር። በጣቢያዎቹ በቦምብ የጋየው በአመዛኙ የማሠልጠኛና ለጥገና የቆመ አውሮፕላን ነው። በዚያው ማለዳ ክራኮቭ አጠገብ ካፒቴን ሜድቬትስኪ ከመሬት እንደተነሣ ተመትቶ ሞተ፤ አብሮት የተነሣው ግኒሽ ግን አምልጦ ሁለት ቦምብ ጣዮችን ጣለ።

በምን ተዋጉ ቢባል፣ ፒ 11 በሚባል ተዋጊ ነው። የአብራሪው መቀመጫ ክፍት፣ ጎማው የማይታጠፍ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር የማይሞላ። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት ከ500 በላይ ይበር ነበር። የራሳቸው ቦምብ ጣይ ዎሽ በዘመኑ ከደኅናዎቹ የሚቆጠር ቢሆንም በቦምብ ጣይ ብርጌዱ የተሰለፈው 36 ብቻ ነው።

ሴፕቴምበር 17 ሶቪየት ኅብረት ከምሥራቅ ገባች። በዚያ ቀን አየር ኃይሉ ወደ ሩማኒያ እንዲሻገር ታዘዘ። ሩማኒያ ገለልተኛ ስለነበረች መሣሪያ አስፈትታ በካምፕ አስቀመጠቻቸው። እነሱም ሐሰተኛ ወረቀት እያሠሩ፣ ለዘበኛ ጉቦ እየሰጡ፣ የሲቪል ልብስ እየለበሱ በጥቂት በጥቂቱ ወጡ። ከጥቁር ባሕር ዳር ከባልቺክ በመርከብ ወደ ቤይሩት፣ ከዚያም ወደ ማርሴይ የተጓዙ አሉ። ዴምብሊን በነበረው የአብራሪዎች ትምህርት ቤት የተቀሰመው ሙያ ድንበሩን ከሰውየው ጋር ተሻገረ። መካኒኩም አብሮ ተሻግሯል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለሚረሱት እኛ እናነሣዋለን።

በጁን 1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ ሁለተኛው ስደት መጣ፤ ወደ እንግሊዝ። 8 ሺህ ያህል የፖላንድ አየር ኃይል ሰዎች ደረሱ። እንግሊዞቹ መጀመሪያ አላመኗቸውም፤ የተሸነፈ ሰው ወኔው ተሰብሯል ብለው ገመቱ። ጦርነት የቀመሱትን አብራሪዎች ሬዲዮ በተገጠመለት ባለሦስት እግር ብስክሌት ሜዳ ላይ እያስኬዱ የእንግሊዝኛ ትእዛዝ አስጠኗቸው! በእርግጥ እውነተኛ ችግርም ነበር። ፍጥነቱ በማይል ይነበባል፤ ጎማው መታጠፍና መዘርጋት አለበት፤ በለመዱት አውሮፕላን ለፍጥነት ወደ ኋላ የሚሳበው እጀታ እዚህ ወደ ፊት ይገፋል። ለአዋቂ ሰው አዲሱን ከማስተማር የለመደውን ማስረሳት እንደሚከብድ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

303ኛው ስኳድሮን በኦገስት 1940 ለንደን አቅራቢያ ኖርቶልት ላይ ተቋቋመ። ኦገስት 30 ለልምምድ እንደወጡ ፓሽኪዬቪች የጠላት አውሮፕላን አየ፤ ለአዛዡ አሳወቀ፤ መልስ ሲያጣ ከሰልፉ ወጥቶ መትቶ ጣለ። ሲመለስ ተቆጡትም፣ አመሰገኑትም። በማግሥቱ ስኳድሮኑ ውጊያ ተፈቀደለት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 126 አውሮፕላን መጣሉን አስመዘገበ። ኋላ የጀርመን መዝገብ ሲመረመር ቁጥሩ ዝቅ ብሏል፤ ይህ ግን የሁሉም ስኳድሮኖች ዕጣ ነው። ከመካከላቸው ብዙ የጣለው ፍራንቲሼክ ፖላንዳዊ እንኳ አልነበረም፤ የእርሱም አገር በጀርመን የተያዘችበት ቼክ ነበር። 17 ጥሎ ኦክቶበር 8 ሞተ። ፓሽኪዬቪችም ሴፕቴምበር 27 ወድቋል። በብሪታንያ ሰማይ የተዋጉት ፖላንዳውያን አብራሪዎች በጠቅላላው 145 ናቸው። በመጀመሪያ የተጠራጠራቸው የተዋጊዎቹ አዛዥ ዳውዲንግ፣ ያለ እነሱ ውጤቱ ያው ይሆን ነበር ለማለት እንደማይደፍር ኋላ ጽፏል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ ከ1942 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የፖላንድ ሴቶችና ሕፃናት በምሥራቅ አፍሪካ ካምፖች ይኖሩ እንደነበር ይወቅ። በአሩሻ አጠገብ ቴንጌሩ መቃብራቸው ዛሬም አለ።

ጦርነቱ ሲያልቅ፣ ጁላይ 5 ቀን 1945 ብሪታንያ ለስደተኛው የፖላንድ መንግሥት የሰጠችውን ዕውቅና አነሣች። ጁን 8 ቀን 1946 በለንደን በተደረገው የድል ሰልፍ ከፖላንዳውያኑ የተጋበዙት 25 የአየር ኃይል ሰዎች ብቻ ነበሩ። የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ ጓዶቻቸው ስላልተጠሩ እነሱም አንሰለፍም አሉ። ብዙዎቹ በዚያው በብሪታንያ ቀሩ። ከሁሉ የበለጠ ድል ያስመዘገበው ስካልስኪ ግን በ1947 አገሩ ገባ። በ1948 ታሰረ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ። በ1956 ተፈትቶ ወደ አየር ኃይሉ ተመለሰ።