ዐቃቤ መጻሕፍትና የፎገራ ትኩሳት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ሐሙሲትን ያለፈ መንገደኛ ወደ ወረታ ሲያቀና፣ በስተግራው እስከ ጣና ዳርቻ የተንጣለለውን የፎገራን ሜዳ ያያል፤ ይህ ሜዳ በክረምት ውኃ ተኝቶበት ሩዝ እንደሚያበቅል ሁሉ፣ ውኃው ሲሸሽ ወባን ትቶ ስለሚሄድ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሁሉም ሐሳብ አስቀድሞ ወደ ወባ ማዘንበሉ የሚያስነቅፍ አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. ግን በሊቦ ከምከምና በፎገራ ትኩሳቱ አልለቅ ያላቸው፣ ሰውነታቸው የመነመነ፣ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸው የተነፋ ሕሙማን በዙ፤ ነገሩ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በግንቦት ወር ደዌው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ተህዋሱን ሌይሽማንና ዶኖቫን በ1903 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታውቀውት ነበር፤ በሑመራና በመተማ ቆላም የታወቀ ነው፤ በወይና ደጋው ግን ማን ጠርጥሮት! እንዲህ ያለው የተጻፈ ዕውቀት በጊዜው ከሕሙሙ መኝታ አጠገብ እንዲደርስ መንገድ የሚጠርግ ሙያ አለ፤ እርሱም የሕክምና ዐቃቤ መጻሕፍት ሙያ ነው።

ቀድሞ መጽሐፈ መድኃኒቱን በማኅደር ከትቶ የሚይዘው ደብተራ ጠባቂም ፈዋሽም ራሱ ነበርና፣ ምስጢሩን ለልጁ ወይም ለደቀ መዝሙሩ ካልሆነ በቀላሉ አይገልጥም ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን ለገጠር ማሠልጠን ሲጀምር፣ የሕክምና መጽሐፍ የጋራ ገንዘብ ሆነ። በዚያ ዘመን ሐኪሙ የደዌውን ስም ይነግራል፤ ዐቃቤ መጻሕፍቱ በ1879 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረውን ኢንዴክስ ሜዲከስ የተባለውን ወፍራም ማውጫ ቅጽ በቅጽ እየገለጠ፣ በጣቱ መስመር እየተከተለ የመጽሔቱን ስምና ገጽ በካርድ ይጽፋል፤ መጽሔቱ በመደርደሪያው ላይ ከሌለ ግን ድካሙ ሁሉ በዚያው ይቀራል።

ፐብሜድ የተባለው ማውጫ በ1997 እ.ኤ.አ. ለሁሉ በነፃ ሲከፈት፣ ጥር 1994 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የተባለውን መርሐ ግብር አቋቁሞ ለድሆች አገሮች ተቋማት መጽሔቶችን ሲያቀርብ፣ በዐቃቤ መጻሕፍቱ ወገብ ይንጠለጠል የነበረው የቁም ሣጥን ቁልፍ ወደ ይለፍ ቃል ተለወጠ። ሙያው ቀረ ያሉም አልጠፉም፤ እኔ ግን ከበደ እላለሁ። «ትኩሳት» ብሎ ብቻ የፈለገ ጤና መኮንን አንብቦ የማይጨርሰው የጽሑፍ ጎርፍ ይወርድበታልና፣ ከጎኑ ተቀምጦ «ጣፊያን ጨምርበት፤ ክሳትን ጨምርበት፤ አገሩንም ጻፍ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። እንዲህ አድርጎ ለፈለገ፣ በ1997 ዓ.ም. ያልነበረው የሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ጥናት ዛሬ ይወጣለታል።