ሹመትን በገንዘብ ስለ መግዛት ቤተ ክርስቲያን የፈረደችው ፍርድ

ሹመት ከእግዚአብሔር የሚሰጥ አደራ ነው እንጂ ከገበያ የሚሸመት ዕቃ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ያስተማረችው በስብከት ብቻ አይደለም፤ በገዛ ልጆችዋ ላይ ፈርዳ፥ ሕግም ጽፋ ነው እንጂ። የደብሩ ኢዮቤልዩ በሚከበርበት በዚህ ዓመት ሕዝበ ክርስቲያን የቀደመውን ታሪክ ቢያስተውል፥ በእጁ ያለው የመምረጥ ሥልጣን ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ይረዳል።

ምርጫ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። በይሁዳ ፈንታ ማትያስ በዕጣ ተመረጠ። ሰባቱንም ዲያቆናት ሐዋርያት ራሳቸው መርጠው መሾም ሲቻላቸው ለምእመናን ተዉላቸው፤ ሕዝቡ መረጠ፥ ሐዋርያትም እጃቸውን ጭነው ሾሙ። ብዙም ሳይቈይ በሰማርያ ሲሞን የሚባል መሠርይ ጸጋውን ሊገዛ ብር ይዞ በጴጥሮስ ፊት ቀረበ። ጴጥሮስም ብሩን አልተቀበለም፤ ሰውየውን ግን ገሥጾ ንስሐ እንዲገባ አዘዘው። ከዚያም ወዲህ የሐዋርያት ቀኖና በገንዘብ የተሾመው ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ተቀብሎ የሾመውም ጭምር ከሥልጣኑ ይሻር ብሎ ደነገገ። እንግዲህ ሻጭና ገዢ በዚህ ፍርድ እኩል ናቸው።

ይህ ሕግ ባለበት ደግሞ ፈተናው አልቀረም። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1216 ጀምሮ የእስክንድርያ መንበር 19 ዓመት ያለ ፓትርያርክ ባዶ ሆኖ ተቀመጠ። በመጨረሻም በ1235 ዳዊት ወልደ ለቅለቅ የተባለ መነኵሴ ለግብፅ ሡልጣን ገንዘብ ለመክፈል ተስማምቶ ቄርሎስ ሣልሳዊ ተብሎ ተሾመ። ነገር ግን ዕዳው ተከተለው፤ ዕዳውን ለመክፈል ጳጳሳትንና ካህናትን ሲሾም ከያንዳንዱ ገንዘብ መቀበል ጀመረ። የከፈሉትም በተራቸው ያወጡትን ከምእመናን ላይ ለማግኘት ፈለጉ። በላይ የተጀመረው ንግድ እንዲህ እያለ ወደ ታች ወርዶ የመጨረሻውን ሂሳብ የሚከፍለው መበለትና ድኻ ሆነ። ስለዚህ በ1238 ኤጲስ ቆጶሳት በጉባኤ ተሰብስበው ፓትርያርኩን የሚገታ ሥርዓት አወጡ።

በዚያ ክርክር ዘመን ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ የአሳል ልጅ ሳፊ ነው። የቀደሙትን ቀኖናት ሰብስቦ በዐረብኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት ተባለ፤ 51 አንቀጽ ያለው ሲሆን 22ቱ ስለ መንፈሳዊው፥ የቀሩትም ስለ ሥጋዊው ሥርዓት ናቸው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን በአንድምታ ሲተረጕሙት፥ ነገሥታትም ሲፈርዱበት የኖረው ይህ መጽሐፍ የተጠናቀረው ሹመት በሚሸጥበት ወራት መሆኑን ማሰብ ይገባል።

በአገራችንም ልማዱ አልጠፋም ነበር። ጨው ከአፋር ቈላ ተጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ ሲወጣ፥ አሞሌው በየአገሩ እንደ ብር ይመነዘር ነበር። በዚያ ዘመን ክህነት ሊቀበል ወደ ጳጳሱ የሚሄድ ተማሪ አሞሌ ይዞ ይሄድ እንደ ነበረ ኢትዮጵያን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ጳጳሱም ራሱ ከግብፅ የሚመጣው ብዙ ገንዘብ ተልኮ ነው።

የዚህንም ልማድ ክብደት ዋግ በገዛ ልጁ አይቶታል። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ፥ አቡነ ሰላማ ዐርፈው ነበርና ቀብቶ የሚያነግሥ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም። የትግሬው ደጃዝማች ካሣ ግን ብዙ ብር ወደ ግብፅ ልከው አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ካሣ ድል አደረጉ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ድሉን ያመጣው ከእንግሊዞች የተገኘው መሣሪያ ቢሆንም፥ የቅባቱ ክብር ብር ለላከው መሆኑን ሁሉ አየ። ይህ የአንድ ንጉሥ በደል አይደለም፤ የቈየ ልማድ ነው። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጵጵስና እስኪቀበሉ፥ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ልጆች የደከሙት ከዚህ ቀንበርም ለመውጣት ነው።

ከዚያ በኋላ የመምረጥ ሥልጣን እስከ አጥቢያው ወረደ። በ1965 ዓ.ም. የታወጀው ቃለ ዓዋዲ ካህናት፥ ምእመናንና ወጣቶች የሰበካ ጉባኤያቸውን በምርጫ እንዲያቆሙ አደረገ። በመንግሥትም በኩል ሕዝቡ እንደራሴዎቹን መምረጥ የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቍጥር 1162ም ድምፅን በገንዘብና በስጦታ መግዛትን ይከለክላል። በሌላም አገር የክርስቶስ ማኅበር በዚህ ነገር ዝም አላለችም፤ የፊልጵስዩስ ደሴቶች የካቶሊክ ጳጳሳት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1986 የተጭበረበረውን ምርጫ በግልጥ ነቀፉ፤ ከ1991 ወዲህም ምእመናን በየደብሩ ተደራጅተው የድምፅ መስጫውን ይጠብቃሉ።

የዋግ ደጋ ዝናም የሚነፍገው አገር ነው። ክፉ ዘመን ሲመጣ አንድ ቍና እህል የሰውን ልብ ያዘነብላል፤ ድምፅ የሚገዛም የሚመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ድኻውን ስለ መራቡ መንቀፍ አይገባም፤ ራቡን ዐይቶ የሚነግድበትን ግን መንቀፍ ይገባል። ተቀባዩን በወንጌል አስምሎ ድምፁን የሚያስር ቢኖርም፥ ለክፉ ሥራ የተማለ መሐላ ንስሐ የሚገባበት እንጂ የሚፈጸም አይደለምና፥ የንስሐ አባት ይህን ለልጆቹ ሊያስረዳ ይገባዋል። ካህኑም የአጥቢያውን ወንበር በድግስና በዝምድና ከያዘ፥ ስለ ሸንጎው ወንበር የሚናገረው ቃል አይሰማም።

በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የዋግ ሹማምንት አስከሬን በሣጥን ተቀምጦ ይታያል፤ ከያዙት ሀብት አንድ አሞሌ አልተከተላቸውም። ሰቆጣ ስለ ጨው የሚነገራት አገር አይደለችም፤ ጨው አልጫ ከሆነ ድንጋይ ተብሎ እንደሚጣል ራስዋ ታውቃለች። የምርጫ ድምፅም እንዲሁ ነው፤ የተሸጠ ዕለት ጣዕሙ ይጠፋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።