የተከፈለ ድምፅ በአሜሪካ ገጠራማ ግዛቶች

የተከፈለ ድምፅ የሚባለው አንድ አካባቢ በአገር አቀፍ ምርጫ አንዱን ፓርቲ፣ በግዛት ምርጫ ደግሞ ተፎካካሪውን ሲመርጥ ነው። በአሜሪካ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዷ የድንጋይ ከሰል አምራቿ ዌስት ቨርጂኒያ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1996 ከተካሄዱት 17 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች በ14ቱ ለዴሞክራቶች ድምፅ ሰጥታ፣ ከ2000 ወዲህ ግን ሁልጊዜ ሪፐብሊካን መርጣለች። ሆኖም በዚያው በ2000 ዴሞክራቱን ቦብ ዋይዝን አገረ ገዥ አደረገች። በ2008 ሪፐብሊካኑ የፕሬዚዳንት እጩ ጆን ማኬይን ሲያሸንፉባት፣ ዴሞክራቱ ጆ ማንቺን 70 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው በአገረ ገዥነታቸው ቀጠሉ።

አመጣጡ

የልዩነቱ መነሻ ያከራክራል። አንዱ አስተያየት ነገሩን የቆየ ልማድ ያደርገዋል፦ በማዕድን ሠራተኞች ማኅበርና በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን ሥር የሰደደው የዴሞክራት ታማኝነት በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ቀድሞ ጠፋ፣ በግዛት ምርጫ ግን ሰነበተ። ይህ ለዌስት ቨርጂኒያ በከፊል ይሠራል። ለካንሳስ ግን አይሠራም፤ የሪፐብሊካን ምሽግ የሆነችው ካንሳስ በ2018 እና በ2022 ዴሞክራቷን ላውራ ኬሊን አገረ ገዥ አድርጋ መርጣለች። ቬርሞንትም በጣም ገጠራማ ከሚባሉት ግዛቶች አንዷ ስትሆን፣ ለፕሬዚዳንትነት ዴሞክራት እየመረጠች ሪፐብሊካኑን ፊል ስኮትን ደጋግማ አገረ ገዥ አድርጋለች። እንግዲህ ጉዳዩ የአንድ ፓርቲ ቅርስ ብቻ አይመስልም።

ሌሎች ደግሞ ሁሉንም በእጩው ሰብእና ይፈቱታል። ለዚህ መልስ የሚሆነው የሞንታናው ስቲቭ ቡሎክ ነው። በ2016 ትራምፕ ግዛቲቱን በ20 ነጥብ ገደማ ሲያሸንፉ ዴሞክራቱ ቡሎክ በአገረ ገዥነት ተመረጡ፤ በ2020 ለአሜሪካ ሴኔት ሲወዳደሩ ግን በ10 ነጥብ ገደማ ተሸነፉ። ሰውየውም ግዛቲቱም ያው ናቸው፤ የተለወጠው የሥልጣኑ ዓይነት ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚያሳምነው መራጩ በሁለቱ ምርጫዎች የሚመልሰው ጥያቄ የተለያየ ነው የሚለው ማብራሪያ ነው። አገረ ገዥ የሚመዘነው በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በግዛቱ በጀት፣ ማለትም ነዋሪው በዓይኑ በሚያየው ነገር ነው። በካንሳስ ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ሳም ብራውንባክ በ2012 ያጸደቁት ሰፊ የግብር ቅነሳ በጀቱን አናግቶ ነበር፤ በ2017 ሪፐብሊካኖች የሚበዙበት የግዛቱ ምክር ቤት የእሳቸውን ተቃውሞ ሽሮ አብዛኛውን ቅነሳ ቀለበሰው። ኬሊም የተወዳደሩት የትምህርት ቤቶችን በጀት ዋና ጉዳይ አድርገው ነው። ሴኔትና ፕሬዚዳንት ሲመረጡ ግን ውርጃ፣ የጦር መሣሪያ፣ የከሰል ቁጥጥርና አገሪቱን የሚመራው ፓርቲ ማንነት ይቀድማሉ።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እየተቀራረቡ መምጣታቸው ግን አይካድም። በ2016 የሴኔት ምርጫ በተካሄደባቸው ግዛቶች ሁሉ የሴኔት ውጤት ከፕሬዚዳንቱ ጋር ገጠመ፤ ይህም ሴናተሮች በሕዝብ ቀጥታ ድምፅ መመረጥ ከጀመሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የአካባቢ ጋዜጦች መመናመን አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ ስለ አካባቢው የሚነግረው ያጣ መራጭ ሁሉንም በፓርቲ ስም መመዘኑ አይቀርም። ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ ለማቆየት ደግሞ የምርጫ ቀን ሳይረዳ አይቀርም፤ ኬንታኪ አገረ ገዥዋን የምትመርጠው ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ሲሆን፣ ዴሞክራቱ አንዲ ቢሺር በ2019ም በ2023ም አሸንፈዋል።

በሌሎች አገሮች

የተከፈለ ድምፅ በአሜሪካ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በሕንድ የራጃስታን ግዛት መራጮች በታኅሣሥ 2018 የግዛቱን መንግሥት ለኮንግረስ ፓርቲ ሰጥተው፣ በግንቦት 2019 በአገር አቀፉ ምርጫ 25ቱንም መቀመጫዎች ለተቀናቃኙ ቢጄፒና ለአጋሩ ሰጥተዋል።