ሳሙና፣ በቀዝቃዛ ዘዴ

ዘይት ወይም ሞራ በውሃ ከሟሟ ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ጋር ተደባልቆ፣ እሳት ላይ ሳይጣድ፣ ራሱ በሚያመነጨው ሙቀት ወደ ሳሙናነት የሚለወጥበት አሠራር ነው። የቅባትን ምንነትና የለውጡን ኬሚስትሪ የገለጠው ፈረንሳዊው ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ሲሆን ሥራውን በ1823 (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ አሳትሟል።

ሶዳ በማንኪያ አይለካም፤ ሚዛን የግድ ነው። እያንዳንዱ ዘይት የራሱ ልክ አለው። ለ500 ግራም የወይራ ዘይት 64 ግራም ሶዳና 128 ግራም ውሃ ይበቃል፤ በዚህ ልክ 5 በመቶ ያህሉ ዘይት ሳይለወጥ ይቀርና ሳሙናው ለቆዳ ይለሰልሳል። ሶዳው ቀስ እየተባለ ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ ሶዳ ላይ አይፈስም፤ ከተገላበጠ ፈልቶ ይፈናጠራል። መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ መጀመር ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው። በየማድ ቤቱ «ብረት ድስት» የምንለው ዕቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ሶዳ ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ይወጣዋል።

ዘይቱና በውሃ የሟሟው ሶዳ ሁለቱም ለብ ሲሉ ይደባለቃሉ። በእጅ ማማሰል ክንድ ያዝላል፤ የኤሌክትሪክ መምቻ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ውሁዱ እንደ አጥሚት ወፍሮ፣ ከማማሰያው የወረደው ጠብታ ላዩ ላይ ምልክት ጥሎ ሲቆይ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገለበጣል። ሲጠጥር ተቆርጦ ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀመጣል። የወይራው ግን ወራት ሲቆይ የበለጠ ይጠነክራል።