በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በስሙ መለየት



ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ሲራባ በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ ለከፋ አደጋ ሊጋለጥ ይችላል። ሐኪሙ ትክክለኛውን መድኃኒት ለመምረጥ ባክቴሪያውን በስሙ ማወቅ አለበት። ይህን ስም ፈጥኖ ለማወቅ የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1884 ዴንማርካዊው ሐኪም ሐንስ ክርስቲያን ግራም በርሊን ሳለ ባክቴሪያን በቀለም የሚለይ ዘዴ አሳተመ። ከፊሎቹ ሐምራዊውን ቀለም ይዘው ይቀራሉ፤ ከፊሎቹ በአልኮል ሲታጠቡ ይለቁታል። ዘዴው ዛሬም ወገናቸውን በደቂቃዎች ይነግረናል፤ ስማቸውን ግን አይነግረንም። ለስሙ ደሙን በጠርሙስ አኑሮ ባክቴሪያው እስኪራባ መጠበቅ፣ ከዚያም በሳህን አብቅሎ መፈተን የግድ ነበር። ይህ ቀናት ይፈጃል።

በ1980ዎቹ ጃፓናዊው መሐንዲስ ኮይቺ ታናካ፣ በጀርመንም ፍራንዝ ሂለንካምፕና ሚካኤል ካራስ፣ ትላልቅ ፕሮቲኖችን ሳይሰባብሩ በሌዘር ጨረር የማስነሻ መንገድ አገኙ። ታናካ በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በዚህ መንገድ የሚሠራው መሣሪያ የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች በጨረር አስነስቶ የበረራ ጊዜያቸውን ይለካል፤ ውጤቱንም ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ያነጻጽራል። እናም የበቀለው ባክቴሪያ ስም በደቂቃዎች ይታወቃል።

ይሁንና መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ባክቴሪያው እስኪበቅል ነው። ከምርመራው በፊት ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ከተዋጠ ደግሞ ባክቴሪያው እያለ ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲበረታ ወደ ሐኪም ቤት እንፍጠን፤ መድኃኒት ወስደን ከሆነም ለሐኪሙ አንደብቅ።